ከሰሉ ከወንዝ ማዶ

፩

«መብራት ሄደ!» የሚለውን ጩኸት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። የፈተና ሰሞን ከሆነማ ጩኸቱን አንዱ ሕንፃ ለሌላው ያቀብለዋል። አንዱ ሻማ ፍለጋ ይንደፋደፋል፤ አንዱ «እሰይ ተገላገልኩ» ብሎ ይተኛል፤ ሌላው በጨለማው ተቀምጦ ፍልስፍና ይጀምራል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ምሽቶች በአንዱ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ «ለመሆኑ ይሄ ኮረንቲ ሄደ ስንል የሚሄደው ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅንበት። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። «ሄደ» ካልን መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከየት መጣ? በማን በር አልፎ መጣ? በሩን የያዘው ሰው አንድ ቀን ቢቆጣስ?

ለእኛ መብራት ሲሄድ የሚቀርብን የአንድ ሌሊት ጥናት ነው። መብራት ሲሄድ ውሃ የሚነሣበት ቦታ ግን አለ። ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቀንና ሌሊት ከዓለቱ ይፈልቃል። ፓምፑ ከቆመ ውሃው ከፍ ይላል፤ የአየር ማራገቢያው ከቆመ አየሩ ይበላሻል፤ አሳንሰሩ ከቆመ ከመሬት በታች ያለው ሰው እዚያው ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ የኮረንቲው ባለቤት የጉድጓዱም ባለቤት ነው። የኮረንቲው ነዳጅ ከሌላ አገር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የጉድጓዱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለመናገር ያዳግታል።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት የዛምቢያን መዳብ አገር ታሪክ መርጫለሁ። አሥመራጩ ምክንያት ቀላል ነው፤ ነገሩ ከአፍሪካ ሳንወጣ የምናየው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፪

ዛምቢያና ዚምባብዌ በእንግሊዝ ዘመን ሰሜን ሮዴሽያና ደቡብ ሮዴሽያ ይባሉ ነበር። በመካከላቸው ዛምቤዚ ይፈሳል። ተፈጥሮ ሀብቷን ስታከፋፍል እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ቀልዳለች። መዳቡን ከወንዙ በስተሰሜን፣ ደህናውን የድንጋይ ከሰል ከወንዙ በስተደቡብ አኖረችው። በሰሜን በኩልም ከሰል አልጠፋም፤ ነገር ግን አመዱ የበዛ ስለ ነበር ለብዙ ዘመን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ይህን እናስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የደቡቡ ከሰል ያለበት ቦታ ዋንኪ ይባላል። ዛሬ ስሙ ተስተካክሎ ሁዋንጌ ሆኗል። በ1890ዎቹ አልበርት ጊዘ የተባለ ጀርመናዊ «የሚነድ ጥቁር ድንጋይ አለ» ሲባል ሰማና ሄዶ አየ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ድንጋዩ እንደሚነድ ያገሩ ሰው ቀድሞ ያውቅ ነበር። «አገኘ» ተብሎ በመጽሐፍ የሚጻፍለት ግን ሰምቶ የሄደው ነው። በ1899 የዋንኪ ከሰል ኩባንያ ተቋቋመ። ከኬፕ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው የሴሲል ሮድስ ባቡርም በዋንኪ በኩል እንዲያልፍ ያስገደደው ይኸው ከሰል ነበር። ባቡር ያለ ከሰል አይሄድማ።

ሐዲዱ ዋንኪን አልፎ በ1904 ቪክቶሪያ ፏፏቴ ደረሰ። በመስከረም 1905 ከፏፏቴው አጠገብ፣ ጭጋጉ ፉርጎዎቹን እስኪያርስ ድረስ ቀርቦ የተሠራው የብረት ድልድይ ተመረቀ። በ1906 ሐዲዱ ብሮክን ሂል (የዛሬዋ ካብዌ) ገባ፤ በ1909 የኮንጎን ድንበር ነካ። ያን ጊዜ ድልድዩን ያዩ ሁሉ ስለ ኢንጂኒየሪንጉ ድንቅነት አወሩ። እኛ ዛሬ ስናየው ግን ድልድዩ ጉሮሮ ነው። ከሰል ወደ ሰሜን፣ መዳብ ወደ ደቡብ የሚያልፉት በዚህች ጠባብ ጉሮሮ ነበር። ጉሮሮውን የያዘው ደግሞ ሮድስ የመሠረተው ብሪቲሽ ሳውዝ አፍሪካ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ሐዲዱን እስከ 1947 በእጁ አደረገ፤ በሰሜን ሮዴሽያ ከሚወጣው ማዕድን ደግሞ እስከ 1964 ድረስ ግብር ይቀበል ነበር። ሳይቆፍር የሚበላ፣ ሳያርስ የሚሰፍር ባላባት ማለት ይኸው ነው።

፫

የመዳቡ ነገር የከረረው በ1920ዎቹ ነው። ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ድንጋይ ከሥሩ እጅግ ብዙ የሰልፋይድ መዳብ እንዳለው መሣሪያ ወደ ምድር ተሰዶ ታወቀ። ሁለት ታላላቅ የካፒታል ቡድኖች ቦታውን ተከፋፈሉት። አንደኛው በአሜሪካዊው ቼስተር ቢቲ የሚመራው ሮዴሽያን ሴሌክሽን ትረስት፣ ሁለተኛው የኧርነስት ኦፔንሃይመር አንግሎ አሜሪካን ነበር። በ1931 ሉዋንሽያ ላይ ሮዋን አንቴሎፕ ማምረት ጀመረ፤ ንካና ተከተለ፤ ሙፉሊራ በ1933፣ ንቻንጋ በ1939 ሥራ ያዙ።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የተተከሉት ከዱር መካከል ነው። ኮረንቲ የሚሸጥ ከተማ በአካባቢው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕድን ማውጫ ከጉድጓዱ አጠገብ የራሱን የከሰል ኮረንቲ ጣቢያ ሠራ። ከሩቅ ሲታይ የማዕድኑ ምልክት ጉድጓዱ አልነበረም፤ ጉድጓድ ከሩቅ አይታይም። ምልክቱ የጭስ ማውጫው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከዋንኪ የተነሣው ባቡር ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዞ ከሰሉን ያራግፋል። ከሰሉ በምድጃው ነድዶ ቦይለር በሚባለው ትልቅ ጋን ውስጥ ያለውን ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ በኃይል ታፍኖ የተርባይኑን ክንፎች ሲገፋ ተርባይኑ ይሽከረከራል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ጄኔሬተር ኮረንቲ ያወጣል። ኮረንቲው በሽቦ ሄዶ አሳንሰሩን ያወጣል ያወርዳል፤ አየር ያስገባል፤ ድንጋይ ይፈጫል፤ ከሁሉ በላይ ግን ውሃ ይቀዳል። የመዳብ አገሩ ጉድጓዶች ውሃ የሚበዛባቸው ናቸው። በ1957 የተከፈተውና ዛሬ ኮንኮላ የሚባለው ማውጫማ ከዓለም ውሃ ከሚበዛባቸው ጉድጓዶች አንዱ ነው ይባልለታል።

ባለሙያዎቹ ከሰሉን በአንድ ሥራ ብቻ አልተዉትም። መዳቡ የሚቀልጥበት እቶንም በዋንኪ ከሰል ዱቄት ይነድ ነበር። ከእቶኑ የሚወጣውን የጋለ ጭስ ዝም ብለው ወደ ሰማይ ከመልቀቅ ይልቅ በሌላ ቦይለር በኩል ያሳልፉታል፤ በዚያ ሙቀት የተነሣው እንፋሎት ወደ ኮረንቲ ጣቢያው ይላካል። መዳቡ ሲቀልጥ ኮረንቲ ይወጣል፤ በኮረንቲው ሌላ መዳብ ይቆፈራል። በንካና ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ማጣሪያ የቀለጠውን መዳብ በራሱ በኮረንቲ ኃይል ያነጥረው ነበር።

ነገሩን በጥሞና ስናየው አንድ የሚገርም ዙር እናገኛለን። መዳብ በብዛት የሚፈለገው ለምንድነው? ለኮረንቲ ሽቦ ነው። አፍሪካዊው የዋንኪን ከሰል ቆፍሮ፣ ሌላው አፍሪካዊ በባቡር ጭኖ፣ ሦስተኛው በምድጃ አንድዶ፣ አራተኛው በዚያ ብርሃን ከመሬት በታች ገብቶ መዳብ የሚያወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ ቤቶች ሽቦ እንዲዘረጋላቸው ነበር። ከሥራ ሲመለስ የሠራተኛው ሚስት እራት የምታበስለው በማገዶ ነበር። የኮረንቲው መሥመር በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ከማዕድኑ አጥርና ከነጮቹ ሰፈር ብዙ አልራቀም። ቅኝ ገዢ «ኤሌክትሪክ አመጣላችሁ» ሲለን ለማን አመጣ ብለን የምንጠይቀው በከንቱ አይደለም።

፬

ከቦይለሩ ፊት የሚቆመው ማን ነበር? የሰዓት መቁጠሪያ የመሰለውን መለኪያ እያየ ቁልፍ የሚያዞረው ነጭ ነው። አካፋ የሚይዘው፣ አመድ የሚጠርገው፣ ፉርጎ የሚያራግፈው ጥቁር ነው። ሙያ የሚባለው ሥራ ሁሉ ለነጭ የተከለለ ነበር። ጥቁሩ ያንኑ ሥራ ለዓመታት አጠገቡ ቆሞ ቢያይና ቢለምደውም እንኳ ስሙም ደመወዙም አይለወጥም።

በግንቦት 1935 መንግሥት በማዕድን ከተሞች የሚከፈለውን የነፍስ ወከፍ ግብር ጨመረ። ሙፉሊራ አደመ፤ ንካና ተከተለ፤ በመጨረሻ ሮዋን አንቴሎፕ። በሉዋንሽያ ፖሊስ በሕዝቡ ላይ ተኩሶ ስድስት ሰዎች ገደለ። በ1940 የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በመጋቢት ነጮቹ ሠራተኞች አደሙና ጥያቄያቸው ተሰማ። ጥቁሮቹ ይህን አይተው «እኛስ?» ብለው ተነሡ። በሚያዝያ መጀመሪያ ንካና ላይ መልሱ በጥይት መጣ፤ አሥራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። አንድ ዓይነት አድማ፣ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፤ ለአንዱ ጭማሪ፣ ለሌላው መቃብር።

ከጦርነቱ በኋላ የሠራተኛው ትግል ሰንሰለቱን ተከትሎ ሄደ። በጥቅምት 1945 የባቡር ሠራተኞች ከቡላዋዮ ተነሥተው አደሙ፤ አድማው ወንዙን ተሻግሮ ሰሜን ደረሰ። በየካቲት 1954 የዋንኪ ከሰል ቆፋሪዎች አደሙ። ያን ጊዜ የደቡብ ሮዴሽያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋርፊልድ ቶድ ነበር፤ በኋላ ለጥቁሮች የሚያስብ ለዘብተኛ ተብሎ የተመሰገነው ሰው ማለት ነው። እርሱም ቢሆን ወታደር ለመላክ አላመነታም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዋንኪ ለጥቂት ሳምንት ቢቆም ባቡሩ ይቆማል፤ ባቡሩ ቢቆም ንካናና ሙፉሊራ ጨለማ ይወርሳቸዋል። ቆፋሪው፣ ባቡረኛው፣ እሳት አንዳጁና መዳብ ፈላጩ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ነበሩ። ባለ ካፒታሎቹ ይህን ከሠራተኞቹ ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በ1955 መጀመሪያ በሎሬንስ ካቲሉንጉ የሚመራው የአፍሪካውያን ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሁለት ወር ገደማ የፈጀ አድማ ሲያደርግ ግን ሠራተኛውም ትምህርቱን እየያዘ እንደ ነበር ታየ።

፭

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓለም መዳብ ጠማት። ማዕድን ማውጫዎቹ ሰፉ፤ የኮረንቲ ፍላጎታቸውም አብሮ ጨመረ። ዋንኪ ግን የሚበቃ ከሰል ማውጣት አቃተው፤ የወጣውንም የሚጭን ፉርጎ ጠፋ። ያች ጠባብ ጉሮሮ አነቀች።

ምን ተደረገ ቢሉ፣ የመዳብ አገሩ ጣቢያዎች ወደ እንጨት ዞሩ። ለድንጋይ ከሰል የተሠራ ቦይለር ግንድ ይጎርስ ጀመር። በማዕድን ከተሞቹ ዙሪያ የነበረው ሚዮምቦ የሚሉት ጫካ እየተመነጠረ በዚያ በኩል ገባ። አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ከተማዋን ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ በኋላ ባሕር ዛፍ እንዳዳናት የምናውቅ እኛ፣ ጫካ በልቶ የማይጠግብ ምድጃ ምን እንደ ሆነ እንረዳለን። ልዩነቱ፣ የአዲስ አበባ ምድጃ የሕዝብ ማድቤት ሲሆን የእነርሱ የኩባንያ መሆኑ ነው።

በእንጨት ዘላቂ ኑሮ የለም። በ1953 የማዕድን ኩባንያዎቹ የየግል ጣቢያቸውን በአንድ መሥመር አያይዘው ከኮንጎ ኮረንቲ ለመግዛት ኩባንያ አቆሙ። በ1956 በሉዋላባ ወንዝ ላይ ከተሠራው የለ ማሪኔል ግድብ ኮረንቲ ድንበር ተሻግሮ መጣ። ደጉ ዜና ሲሆን መጥፎውም እዚያው ውስጥ አለ። በደቡብ ሮዴሽያ ከሰል ላይ የቤልጂግ ኮንጎ ሽቦ ተጨመረ፤ አንድ ጌታ ሁለት ሆነ።

እዚህ ላይ የማይገባ ነገር አለ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሰሜን ሮዴሽያ የራሷ ወንዝ የላትም እንዴ? አላት እንጂ! ካፉዌ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ከመዳብ አገሩ በኩል ተነሥቶ፣ ከሉሳካ በስተደቡብ በጥልቅ ገደል ወርዶ፣ እዚያው በአገሯ ውስጥ ዛምቤዚን ይገናኛል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ነው። በ1953 የሁለቱ ሮዴሽያዎችና የኒያሳላንድ ፌዴሬሽን ሲመሠረት «ካፉዌ ይገደብ ወይስ በድንበሩ ላይ ካሪባ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ሰሜኖቹ ካፉዌን ጠበቁ። በ1955 ግን በደቡብ ሰዎች የሚዘወረው ፌዴሬሽን ካሪባን መረጠ። ግድቡ የጋራ ሲሆን የኮረንቲ ቤቱ ግን በወንዙ ደቡብ ዳር ዓለት ውስጥ ተፈለፈለ። የዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያን ጊዜ ባንኩ ለአንድ ሥራ ከሰጠው ብድር ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የመዳብ ኩባንያዎቹም 20 ሚሊዮን ፓውንድ አበደሩ። በሌላ አነጋገር የሰሜኑ መዳብ ገንዘብ ለደቡቡ የኮረንቲ ቤት ሆነ።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ውሃው ሲሞላ ወደ 57,000 የሚሆኑ የቶንጋ ሕዝቦች ከአያት ቅድመ አያት መሬታቸው ተነቀሉ። በመስከረም 1958 በቺሶሞ መንደር «አንነቀልም» ካሉት መካከል ስምንቱ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። በግድቡ ሥራ 86 ሠራተኞች ሞቱ። በ1959 መጨረሻ ኮረንቲው መጣ፤ በግንቦት 1960 የእንግሊዝ ንግሥት እናት መጥተው መረቁት። ኮረንቲው በቶንጋዎች ራስ ላይ በሽቦ አልፎ ወደ መዳቡ ገሰገሰ። የከሰል ጣቢያዎቹም ወደ መጠባበቂያነት ወረዱ፤ እቶኖቹ ግን እንደ ቀድሞው የዋንኪን ከሰል ይጠይቁ ነበር።

፮

ጥቅምት 24 ቀን 1964 ዛምቢያ ነፃ ወጣች። በዋዜማው ብሪቲሽ ሳውዝ አፍሪካ ኩባንያ የማዕድን ግብር መብቱን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ለቀቀ፤ ግማሹን እንግሊዝ፣ ግማሹን ዛምቢያ ከፈሉ። ባንዲራ ተሰቀለ፤ ተጨፈረ። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ከሰሉ ከወንዝ ማዶ፣ የካሪባ ማዞሪያ ቁልፍ ከወንዝ ማዶ፣ ባቡሩም ወደ ባሕር የሚወጣው በወንዝ ማዶ ነበር።

አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ቆይቶ ኅዳር 11 ቀን 1965 የኢያን ስሚዝ የነጭ አናሳ መንግሥት ደቡብ ሮዴሽያን በገዛ እጁ «ነፃ» አወጀ። ኬኔት ካውንዳ እንግሊዝን «ወታደር ላኪና ካሪባን ያዢ» አሏት። የላከችው ግን ለሰሜኑ ሰማይ ጠባቂ የሚሆኑ የጦር አውሮፕላኖችን ነበር። ወደ ኮረንቲ ቤቱ አልቀረበችም።

በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ እንግሊዝ የስሚዝን ዓመፅ እስከ ታኅሣሥ 15 ካላጠፋች አባል አገሮች ሁሉ ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ ወሰኑ። ቀኑ ሲደርስ ቃሉን የጠበቁት እንደ ታንዛኒያ፣ ጋናና ግብፅ ያሉ ጥቂት አገሮች ብቻ ነበሩ። አስተናጋጇ አገራችን ከእነርሱ ውስጥ አልነበረችም። ዛምቢያም አልነበረችም። በሌሎቹ ብንፈርድ በዛምቢያ ለመፍረድ ግን ይከብዳል። የጉድጓዱ ፓምፕ የሚዞረው በማን ኮረንቲ እንደ ነበር አይተናልና።

ወዲያው በዚያው ወር እንግሊዝ በስሚዝ ላይ የነዳጅ እገዳ ስትጥል ስሚዝ ዱላውን ወደ ዛምቢያ አዞረው። በእርሱ ግዛት በኩል የሚመጣላት ነዳጅ ተቋረጠ፤ በዋንኪ ከሰልና ኮክ ላይም ከባድ የውጭ ንግድ ቀረጥ ጫነ። ቀረጡ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ፤ ፍርሃቱ ግን አልተነሣም። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የካናዳ አውሮፕላኖች ነዳጅ በበርሜል ጭነው ወደ ዛምቢያ ተመላለሱ። እስቲ አስቡት፤ ነዳጅ እያቃጠለ ነዳጅ የሚያመላልስ አውሮፕላን! ከሰልን ግን በአውሮፕላን ማን ያመላልሰዋል? በ1966 በባቡር ክፍያ ላይ በተነሣው ጠብ የከሰሉ ክምር ተመናምኖ የመዳቡ ሥራ ተጎዳ። ከ1905 ጀምሮ የተጠነሰሰው ነገር ስልሳ ዓመት ቆይቶ እንዲህ ፈላ።

፯

የተናቀው የሰሜኑ ከሰል እዚህ ላይ ይመለሳል። ዛምቢያ በ1966 በግዌምቤ ሸለቆ፣ ንካንዳብዌ በሚባል ቦታ ያንን አመዳም ከሰል መቆፈር ጀመረች። ቀጥሎ ማምባ ተከፈተ፤ ከሰሉ ከሸለቆው ወደ ባቡሩ የሚወጣው በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ በባልዲ እየተንጠለጠለ ነበር። የባለሙያዎቹን ቅሬታ ለመገመት አያስቸግርም፤ አመዱ ምድጃውን ይደፍናል፤ ሙቀቱ ያንሳል፤ ከዋንኪው ጋር ሲነጻጸር ዋጋውም ይከብዳል። ነገር ግን የራስ ነበር። ርካሹ ከሰል ነፃነትን ያስከፍል ነበር፤ ውዱ ከሰል የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ ነበር። ይህን ልዩነት ያልያዘ የኤኮኖሚ ትምህርት ጎዶሎ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ተከታተሉ። በ1969 ካውንዳ መንግሥት ከማዕድን ኩባንያዎቹ 51 በመቶ እንዲይዝ አወጁ። ያን ጊዜ የተነፈጉት ካፉዌ በዩጎዝላቪያውያን እጅ ተገድቦ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮረንቲ ሰጠ። በጥር 1973 ስሚዝ ድንበሩን ዘጋ፤ በኋላ ልክፈተው ቢል ካውንዳ እምቢ አሉ። ቻይናዎች የሠሩት የታንዛኒያና የዛምቢያ ባቡር በ1970ዎቹ አጋማሽ ተጠናቆ ወደ ዳሬሰላም ወጣ። የሚደንቀው ግን የካሪባው ሽቦ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ሊዋጉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ድንበሩ ታጥሮ ሰው እንኳ ሳያልፍ፣ ኮረንቲው በዚያ ሽቦ ይሻገር ነበር። ጠላትነትም ቢሆን ከማዞሪያው ቁልፍ ፊት ሲደርስ ይጠነቀቃል።

ይህን ሁሉ የመንግሥታት ጨዋታ ስንተርክ ግን አንድ ስሕተት እንዳንሠራ። «የወንዝ ማዶው ከሰል» የጠላት ከሰል ነው ብለን እንዳናልፍ። ሰኔ 6 ቀን 1972 ጧት በዋንኪ ቁጥር 2 ጉድጓድ ፍንዳታ ሆነ። ከ420 በላይ ሰዎች ሞቱ። አስከሬናቸው የወጣው የጥቂቶች ብቻ ነው፤ የቀሩት ከጉድጓዱ ጋር አብረው ታሸጉ። ከእነርሱ መካከል ከጎረቤት አገሮች፣ ከዛምቢያም ጭምር ለእንጀራ የሄዱ ነበሩበት። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 25 ቀን 1970፣ በሙፉሊራ ከላይ የተከማቸው የማዕድን ዝቃጭ ጭቃ በሌሊት ወደ ጉድጓዱ ናደና 89 ሠራተኞችን ዋጠ። አንዱ በስሚዝ አገር፣ አንዱ በካውንዳ አገር፤ አንዱ በእሳት፣ አንዱ በጭቃ። ከመሬት በታች ያለው ሰው ግን አንድ ነበር። መሪዎቹ በወንዙ ግራና ቀኝ ሲጣሉ የእነዚህን ሰዎች ልጆች የሚያገናኝ ስብሰባ ማን ጠራ?

፰

መጨረሻውን በጀግንነት መዝጋት በቻልኩ ደስ ባለኝ። «ዛምቢያ የራሷን ከሰልና የራሷን ውሃ ይዛ ከዚያ በኋላ በሰላም ኖረች» ብዬ። ታሪክ ግን ተረት አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፤ አገሪቱ በዕዳ ተዘፈቀች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ማዕድን ማውጫዎቹ እንደገና ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጡ። ኮረንቲውን ወደ ማዕድኖቹ የሚወስደው መሥመርም በ1997 ለብቻው ተሸጠ። ውሃውስ? ውሃውም ቃሉን አልጠበቀም። ዛምቢያ ኮረንቲዋን በሙሉ ማለት ይቻላል በግድብ ላይ ጣለች፤ ዝናብ ሲጠፋ ግን የካሪባ ሐይቅ ወረደ። በ2016 ማምባ ላይ፣ ያን አመዳም የተባለውን ከሰል የሚያነድ 300 ሜጋዋት ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በየካቲት 2024 መንግሥት ድርቁን ብሔራዊ አደጋ ብሎ ሲያውጅና ከተሞች አብዛኛውን ቀን በጨለማ ሲያሳልፉ፣ ሳይቆም ከቆዩት ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ይኸው የከሰል ጣቢያ ነበር። ከወንዙ ማዶም ሁዋንጌ በ2023 አዳዲስ የከሰል ማመንጫዎች ተጨምረውለታል። ጥቁሩ ድንጋይ በሁለቱም ዳር ተመልሶ ነገሠ። ጭሱ ለዓለም አየር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ትምህርቱ ምንድነው? «የራስህን ከሰል አንድድ» ነው? ይህ ብቻ አይበቃም። «ውሃ ይሻላል» ነው? ይህም ብቻ አይበቃም። እኔ የገባኝ ይህ ነው። ቅኝ ገዢው ጣቢያውን፣ ሐዲዱንና ድልድዩን ሲሠራ ሦስት ጥያቄዎችን በዝምታ መልሶ ነበር፤ ነዳጁ ከየት ይምጣ? ቁልፉ በማን እጅ ይሁን? ብርሃኑ የማንን ቤት ይድረስ? ለሦስቱም የሰጠው መልስ በብረትና በሲሚንቶ ተጽፎ ቀረ። ባንዲራ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ በብረት የተጻፈውን ለመለወጥ ግን ዛምቢያን ከአሥር ዓመት በላይና ከአቅሟ በላይ ወጪ ፈጀባት። እኛም ነገ ኢንጂኒየር፣ ኤኮኖሚስት፣ ሕግ አዋቂ ሆነን ወረቀት ላይ መሥመር የምንሰምር ነን። የምንሰምረው መሥመር ስልሳ ዓመት እንደሚቆይ አውቀን እንስመር። ሦስቱን ጥያቄዎች ደግሞ በዝምታ ሳይሆን ጮክ ብለን፣ በሕዝብ ፊት እንመልሳቸው።

ያ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ «ስለዚህ ኮረንቲው ወዴት እንደሚሄድ አልነገርከኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነገርኩትም። ከየት እንደሚመጣና የማን እጅ እንዳረፈበት መጠየቅ ከጀመርን ግን፣ ሲሄድ ቆሞ ከመጮህ ሌላ የምናደርገው ነገር እናገኝ ይሆናል።